የኋላ መርገጫ

ጉርባቻን ሲንግ ቸርኬ የሚያቃና ሰው ነው። በፋግዋራ ከተማ፣ ከስኳር ፋብሪካው አጥር ማዶ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሞተር ቸርኬ ሲፈታና ሲያስር ኖሯል። የቸርኬውን ሽቦ አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ በድምፁ ብቻ የላላውን ከጠበቀው ይለያል። ከሉዲያና ድረስ ሞተራቸውን ጭነው የሚመጡለት አሉ። «ሚስትሪ» ይሉታል፤ የእጅ ባለሙያ ማለታቸው ነው፤ እሱም በስሙ ከሚጠሩት ይልቅ በዚህ ቢጠሩት ይወዳል። ይብላኝ ለልጁ እንጂ፣ መዘዙ የመጣው ከዚያው ከተመሰገነው እጁ ነው።

የፋግዋራ ወንድ ሞተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ መንዳት ነውር ይመስለዋል። ያቺ ሁሉም የሚሞትላት ሞተር ቡሌት ትባላለች። አዲስ ሆና ሳለ መልኳ የአያት ዘመን ነው፤ ክብ መብራት፣ ረዥም የሚያብለጨልጭ ማርሚታ፣ በእጅ የተሳለ ወርቃማ መስመር ያለበት የነዳጅ ጋን። ከተገዛች በወሩ ጎማዋ ይለወጣል፣ ቸርኬዋ ይለወጣል፣ ፓውዛ ይገጠምላታል፣ ስፖኪዮዋ ሳይቀር ይቀየራል። ባለቤቷ ጺሙን ከሚያበጥርበት ጊዜ ይልቅ እሷን የሚወለውልበት ይበልጣል። የጉርባቻን እንጀራም ይኸው ነበር።

አንዲት ልጁን ራቭኒትን የዛሬ ሁለት ዓመት ሱክቻክ ለሚባል መንደር፣ ጋጋን ለሚባል የባለመሬት ልጅ ዳራት። ለሽምግልናው የመጡ ቀን የጋጋን እናት ሞሂንደር ካውር፣ «እኛ ምንም አንጠይቅም ወንድሜ፤ ለልጅህ የምትሰጠው የራስህ ነው» አለችው። ይህች አነጋገር ምን ማለት እንደሆነች የማይገባው የሴት ልጅ አባት በዚያ አገር የለም። ጉርባቻንም ገባውና ጥቁር ቡሌት ገዝቶ፣ በአበባ አስጊጦ፣ ልጁን ከኋላዋ አስቀምጦ ሸኘ። ራቭኒት እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ወደ ጎን ዞራ ተቀመጠች፤ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ግራ፣ ባንዲቱ መርገጫ ላይ።

እንግዲህ እዚያ ሴት ልጁን የዳረ አባት ከልጁ ቤት እህል አይቀምስም፣ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ አይጫወትም፤ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «ደህና ናችሁ?» ይላል፣ «ደህና ነን» ይሉታል፣ ይመለሳል። ጉርባቻን የልጁን ኑሮ የሚያውቀው ታዲያ በሌላ መንገድ ነበር። ጋጋን ሞተሩን ይዞ በመጣ ቁጥር ለሰው ሳይናገር ጎንበስ ይልና የግራውን የኋላ መርገጫ ያያል። የመርገጫው ጎማ ካለቀ፣ የግራው ሞላ ትንሽ ከተኛ፣ ቀሚስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ የተሠራችው የብረት መከለያ በልብስ ተወልውላ ካበራች፣ ልጁ ከባሏ ጋር ትወጣለች ትገባለች ማለት ነው። «ልጄ ደህና ናት» ይልና ሻይ ያዛል። ከዚህ የበለጠ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ ምን ሊባል ነው?

በተጋቡ በሦስተኛው ወር ጋጋን ሰፊ የኋላ ጎማ አማረው፤ ጉርባቻን ገጠመለት። ያን ጊዜ ራቭኒት አብራው መጥታ ሁለት ቀን አደረች፤ ሳቋ ቀንሷል ብላ እናቷ ቻራኖ ነገረችው፤ «አዲስ ሙሽራ ትንሽ ጨዋ ትሆናለች፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። በሁለተኛው ጊዜ ግን ራቭኒት ቤት እንኳ ሳትገባ በቀጥታ ሱቁ መጣች። ባሏ ጓደኞቹ ዘንድ እስኪሄድ ጠበቀች፤ በርጩማ ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አልመለስም» አለችው።

ጉርባቻን የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። «መቱሽ?»

«አልመቱኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አያናግሩኝም። ቂጣ ቆጥረው ነው የሚሰጡኝ። ስልኬን ወሰዱት። እሱ ገና ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። እናቱ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ‹አባትየው የቸርኬ ሊቅ ነው ተብሎ የላከልን ሞተር የወተት ሻጭ ቸርኬ ያለው ነው› እያለች ታወራለች። ቤቱ ውስጥ እንደሌለሁ ነው የሚያልፉኝ አባዬ።»

ከዚህ ሁሉ ቃል ይህ ሰው የሰማው አንዱን ብቻ ነው፤ ቸርኬ። የቀረው እሱ የማይችለው ነበርና ጆሮው አልተቀበለውም። ሰው እጁ የሚችለውን ሲሰማ እንዴት ደስ እንደሚለው! ፊቱ በራ።

«ይኼ ነው እንዴ? ልቤን አቆምሽው እኮ። ቸርኬ ከሆነማ ነገሩ ደጄ መጣ ማለት ነው።»

ከጎኑ ባለው ሱቅ ናሲም የሚባል የሞተር መቀመጫ የሚሰፋ ሰው አለ፤ ሃያ ዓመት አብረው ሻይ የጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው። ናሲም ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «ሚስትሪ፣ ልጅቷ ስለ ቸርኬ መሰለህ የምታወራው?» አለው።

«አንተ መቀመጫህን ስፋ።»

«እኔማ እሰፋለሁ። ጆሮህን ማን ይስፋልህ?»

ጉርባቻን ሳቀ። አራት ቀን ሠራ። የራሱን የሽቦ ቸርኬ፣ ያን ዕድሜ ልኩን የተመሰገነበትን፣ አውጥቶ ባንድ ወጥ የቀለጠ ጥቁር ቸርኬ ገጠመ፤ ማቃናት የማይፈልግ፣ ሽቦ የሌለው፣ ሚስትሪ የማይሻ። ከመነዳሪ የማያስፈልገው ጎማ አለበሰው። የገዛ ሙያውን የሚሽር ዕቃ ለልጁ ሲል በገዛ እጁ ገጠመ፤ ይህንንም እንደ ትልቅ መሥዋዕት ቆጠረው። ራቭኒት አራቱንም ቀን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ብሎን በብሎን ሲያጠብቅ አየችው። በአራተኛው ቀን ጋጋን መጣ፣ ሞተሩን ዞረው፣ ፈገግ አለ። ጉርባቻን ልጁን «በይ እናቴ፣ አሁን ዝም ይላሉ» አላት። ወጥታ ከኋላ ተቀመጠች።

ዝም አላሉም። ለምን ይላሉ? በሦስተኛው ስትመጣ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ በላይ፣ የጣት ምልክት ነበር። ቻራኖ ልጅቷ ገላዋን ስትታጠብ አየችው። ወጥታ ባሏ ፊት ቆመች፤ ሴትዮዋ ድምፅ የምታወጣ ሴት አልነበረችም።

«ከእንግዲህ አትሄድም» አለች።

«ቀስ በይ አንቺ ሴትዮ። ተድራ የተመለሰች ልጅ ምን እንደምትባል አታውቂም? በደግነት ነው የምናሳፍራቸው። ሰው ሲሰጡት ሲሰጡት እኮ ያፍራል።»

«እነሱ ናቸው የሚያፍሩት?»

«ዝም በይ እስቲ።»

በዚያ ጊዜ የእግር መከላከያ ብረት፣ ሁለት ፓውዛ፣ ግራና ቀኝ የቆዳ ቦርሳ ገጠመ። ከዚህ ሁሉ በላይ የኮራበት ግን ማንም ያላዘዘው ሥራ ነው። የግራውን የኋላ መርገጫ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ፣ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረት በይዶ፣ ለስላሳ ጎማ አለበሰው። «ይኸውልሽ፣ ረዥም መንገድ ስትሄጂ እግርሽ እንዳይንጠለጠል» አላት። ራቭኒት መርገጫውን አየች፣ አባቷን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ አባዬ» አለች። ከባሏ ኋላ ተቀምጣ ሄደች። ጉርባቻን ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ፤ ይኼን ስናገር እኔ ራሴ ያመኛል።

ከዚያ በኋላ አራት ወር አልመጣችም። ሲደውሉ ሞሂንደር ካውር ታነሳለች። «ገላዋን እየታጠበች ነው።» «ለጸሎት ጉርድዋራ ሄዳለች።» «ራሷን አሟት ተኝታለች፣ ስትነሳ ትደውላለች።» ተነስታ የደወለችበት ቀን የለም።

ሩዙ ታጭዶ አገዳው ሲቃጠል፣ ሰማዩ በጭስ አመድ መስሎ በሰነበተበት ሳምንት፣ ጋጋን ሰኞ ጠዋት ያለ ራቭኒት መጣ። ጉርባቻን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሳ። የሴት ልጅ ወገን ለአማቹ ይነሳል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ቢሆንም፣ «እርስዎ» ነው የሚለው።

«እንደምን አደሩ ልጄ? ሁሉም ደህና ናቸው?»

«ደህና ነን አባባ። አሁን እንግዲህ የመጨረሻዋን ውበት እንዲሰጧት ነው ያመጣኋት።» ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። «ይኼን አዩ? ልክ እንደ ጥንቱ ሞተር። የኋላው ፓራፋንጎ አጠር ይላል፣ መቀመጫው ለአንድ ሰው ብቻ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው ቡናማ ቆዳ። ያ የቀሚስ መከለያም ይነሳ፤ አስጠልቶኛል። የኋላ መርገጫዎቹም ይቆረጡ።»

ጉርባቻን ስልኩን መለሰለት። «ራቭኒትስ?» አለ።

«አለች። ሥራ በዝቶባት ነው።»

«አይደለም፣ የት ትቀመጣለች ነው የምልዎት።»

ጋጋን ሳቀ፤ ክፋት እንኳ አልነበረበትም፣ የባሰው ያ ነው። «አውቶቡስ ጠፋ እንዴ አባባ? ደግሞስ የት ትሄዳለች? ቅዳሜ እወስዳታለሁ፣ ሞተሯን ማለቴ ነው።» መንገድ ዳር በሌላ ሞተር የሚጠብቀው ጓደኛው ኋላ ተፈናጦ ሄደ።

ጉርባቻን ያቺን የግራ መርገጫ ለማየት እንደ ልማዱ ወዲያው አላጎነበሰም። ሻይ አስመጣ፣ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተቀመጠና አየ። ለእግሯ ብሎ የበየዳት መርገጫ እንደተጣጠፈች ነበረች፤ በላይዋ የጣት ያህል አቧራ አለ። ማጠፊያዋ ውስጥ የጭቃ ተርብ ቤቱን ሠርቷል፤ ቤቱን ጨርሶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ በስቶ ወጥቶ ሄዷል። ተርብ ይህን ለመጨረስ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት የመንገድ ዳር ባለሱቅ ያውቀዋል። ከዝናቡ ወዲህ ያቺን መርገጫ ማንም አልነካትም። ልጁ ከዚያ ግቢ አልወጣችም።

ለምሳ ቤት ሄዶ ለቻራኖ ነገራት። ቂጣ እየጋገረች ነበር፤ እሳቱን አጠፋችው።

«አሁኑኑ ሂድና አምጣት።»

«አመጣታለሁ። መጀመሪያ ግን ሞተሩን ልጨርስ።»

«ምን አልክ?»

«ሞተሩን ሳልጨርስ ብሄድ በኔ የተናደዱትን በሷ ይወጡታል። ጨርሼ አስረክባቸዋለሁ፤ ሲደሰቱ ‹ልጄን ስጡኝ› እላለሁ። ሞተሩን እዚያው ትቼ በአውቶቡስ ይዣት እመጣለሁ። ዓርብ ጠዋት፣ እሱ ሳይመጣ።»

ቻራኖ «አራት ቀን» አለች። «ለልጅህ ሁልጊዜ አራት ቀን ነው የሚፈጅብህ።» ግን የከለከለችው ነገር አልነበረም፤ ያን ቀን ከሰዓት የራቭኒትን አልጋ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣች።

ናሲም ዘንድ የመቀመጫውን ልክ ይዞ ሲሄድ እንደ ወትሮው መቀለድ ሞከረ። «በል፣ ቡናማ ቆዳ ቁረጥልኝ፤ ጠባብ ነው፣ ለአንድ ቂጥ።»

«የአንተ ካልሆነ ይበቃል» አለ ናሲም። «ለማነው?»

«ለደንበኛ።»

«ደንበኛው ስም የለውም?» ናሲም አንገቱን አስግጎ ሱቁ ደጅ የቆመችውን ጥቁር ሞተር አየ። መቀሱን አስቀመጠ። «ሚስትሪ፣ ያገባ ወንድ የኋላ መቀመጫውን ሲያስቆርጥ አላየሁም አልልህም። ብዙ ቆርጫለሁ። የሴቲቱ አባት ልኩን ይዞልኝ ሲመጣ ግን ያንተ የመጀመሪያው ነው።»

ጉርባቻን «ናሲም፣ እባክህ። ሥራው ከጎደለ በሷ ላይ ነው የሚወጣው። ዓርብ ላመጣት ነው፤ በልጆችህ ይዤሃለሁ» አለው። ናሲም ሰፋለት። ዋጋ አልተቀበለውም፣ ለሁለት ቀንም ሻይ አብሮት አልጠጣም።

ጉርባቻን የቀሚስ መከለያዋን ፈታ። ፓራፋንጎውን ቆረጠ፣ ጠርዙን ሞረደ። የግራዋን መርገጫ በመቁረጫ መኪና ሲቆርጣት የእጁ ብየዳ ጠንካራ ነበርና አላስቆረጥ አለችው፤ ሁለት ዲስክ ጨረሰባት። ቁራጩን የት እንደጣለው አያስታውስም። ታዲያ ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መቀመጫውን በሞላዎቹ ላይ አስቀምጦ፣ ብሎኖቹን አጥብቆ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ሲያይ፣ ልቡ ደስ አለው። ከመብራቱ ጀምሮ እስከ ኋላው ጎማ አንድ መስመር ሆና ወርዳለች። በሕይወቱ እንዲህ ያማረ ሥራ አልሠራም። እንደተደሰተ ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ሲያውቅም ደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ናሲም አይቶ እንዳላየ መኪናውን ማስጮህ ቀጠለ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሱክቻክ ነዳ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ሞሂንደር ካውር ነጭ ሻሿን ራሷ ላይ አስተካክላ ወጣች።

«ኧረ ወንድሜ! አንተ ራስህ አመጣኸው? ግባ እንጂ፣ አረፍ በል። ውሃ እንዳልል...»

«ይቅርብኝ፣ ታውቂዋለሽ። እህቴ፣ ልጄን ልወስዳት ነው የመጣሁት።»

ይህን ለማለት መንገዱን ሙሉ ሲዘጋጅ ነበር የመጣው። ትጮሃለች፣ ወንዶቹን ትጠራለች፣ በሩን ትዘጋለች ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ግን ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምነው፣ በዓል ደረሰ? ከፈለገች ትሂድ። ማን አሰራት?»

ራቭኒት ከጎሾቹ በረት እበት የሞላ ሳፋ ተሸክማ ብቅ አለች። ጉንጯ ገብቷል፣ አንገቷ ቀጥኗል። አባቷን ስታይ አልሮጠችም፤ ሳፋውን ቀስ ብላ አውርዳ፣ የእጅ የውሃ ፓምፑ አጠገብ ሄዳ እጇን ትታጠብ ጀመር። ጉርባቻን ተከትሏት ሄዶ የፓምፑን እጀታ ይገፋላት ጀመር፤ ከእነሱ በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«ልጄ፣ ዕቃሽን ያዢ። እናትሽ አውቶቡስ መውረጃው ላይ ትጠብቅሻለች።»

«ለስንት ቀን ነው?»

«ስንት ቀን ማለት?»

«የምቆየው። ያኔ አራት ቀን ነበር።»

«ለሁልጊዜ ነው እናቴ። ከእንግዲህ ወዲህ አትመለሺም።»

ራቭኒት ወደ ሞተሩ አየች፤ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ባዶ ጎማ ይታያል። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«እሺ፣ ሄድኩ እንበል። እሑድ እሱ ይመጣል። እናቴ ሻይ ታፈላለታለች። ‹አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው› ይልሃል። አንተ ትነሳለታለህ። ሻዩን ሳይጨርስ ስለ ሞተሩ ያነሳል፤ ማርሚታው ምናምን ሆነ ይልሃል። አንተም ልታይለት ታጎነብሳለህ። እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ ጀርባህን አያለሁ።»

«አላጎነብስም። በጉሩ ስም እምልልሻለሁ።»

«ታጎነብሳለህ አባዬ። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም። መርገጫዋን ዝቅ ያደረግህልኝ ቀን እኮ ነው የገባኝ። ክንዴን አይተኸዋል። አይተኸው፣ እግሬ እንዳይንጠለጠል አሰብክ።» ውሃው ሲቆም እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «መጠበቅ ነበር የሚያመኝ። የቡሌት ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አባቴ መጣ እያልኩ በር በሩን ሳይ። አሁን ትቼዋለሁ። ስተወው ቀለለኝ፤ እበት እጠርጋለሁ፣ የሰጡኝን እበላለሁ፣ ቀኑ ይመሻል። እንደ አዲስ አታስጀምረኝ።»

«እኔ አባትሽ ነኝ። አዝዝሻለሁ፤ ተነሺ።»

«ያኔ ብታዝዘኝ ኖሮ» አለች ራቭኒት።

ጉርባቻን ክንዷን ሊይዛት እጁን ሰደደና ያ ምልክት የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ መለሰው። በዚህ መሀል ጋጋን ጥምጣሙን ሳያስር፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቤት ወጣ። ሞተሩን አየና ቆመ። ዞረው፣ መቀመጫውን ዳበሰ፣ አስነሳው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጊዜ ነድቶ ተመለሰ።

«አባባ፣ እጅዎ ይባረክ! እናቴ፣ ነይ እዪ! ብቻ... የኋላው ፍሬን ትንሽ ይጮሃል ልበል? ሳይሄዱ ቢያዩልኝ።»

ለምን እንዳደረገው እኔን አትጠይቁኝ፤ እሱም አያውቀውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው «ይጮሃል» ሲለው ያጎነበሰ ወገብ ነው። ወይም ደግሞ አሁን ባላስተካክለው ማታ በሷ ይወጣበታል ብሎ ፈርቶ ይሆናል፤ ያችኑ የድሮ ሰበቡን። ኪሱ ውስጥ ቁልፍ ነበረው። አንድ ብሎን አላላ፣ የፍሬኑን ሸራ ገፋ አደረገ፣ አጠበቀ፣ ጎማውን በእጁ አሽከርክሮ አዳመጠ። ጩኸቱ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ምን እያደረገ እንደሆነ የታወቀው፤ ጉልበቱ መሬት ላይ ነው፣ ጀርባው ለልጁ ነው።

ቀና ሲል ራቭኒት አጠገቡ ቆማለች። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። አሮጌ ጨርቅ ይዛለታለች።

«እጅህን ጥረግበት» አለችው። «የምሳ ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጥህ። ከሱ በኋላ ቶሎ አይመጣም።»

ጨርቁን ተቀበላት፤ እሷም ሳፋዋን አንስታ ወደ በረቱ ተመለሰች። ሞሂንደር ካውር «ወንድሜ፣ እንግዲህ ደህና ግባ» አለችው። ከኋላው ጋጋን ሞተሩን ደግሞ ሲያስነሳው ሰማ፤ ድምፁ ንጹሕ ነበር፣ እንከን የለውም። መንገዱ ዳር እስኪደርስ በተቃጠለው አገዳ መሀል በእግሩ ሄደ፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥል ስለነበር እንባውን ያየ መንገደኛ ሁሉ ከጭሱ ነው ብሎ አለፈው።

ፋግዋራ ሲወርድ ቻራኖ መውረጃው ላይ ነበረች፤ ለሠርግ የምትለብሰውን የሱፍ ሻል ደርባለች፣ በፌስታል ትኩስ ቂጣ ይዛለች። እሱን አይታ ከኋላው የሚወርደውን ማየት ጀመረች። አንዲት አሮጊት ወረዱ፣ ሁለት ወታደሮች ወረዱ፣ በግ የያዘ ሰው ወረደ። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ቻራኖ መንገዱ ባዶ እስኪሆን ጠበቀች።

«ምን አደረግህ?» አለችው።

ጉርባቻን እጁን አየ፤ በጥፍሩ ሥር ግራሶ ገብቷል።

«ፍሬኑን ሠራሁለት» አላት።